«ጋግረሽ ብዪ» የተባለችው ልጅ

እናቷ ሆቴል ቤት ድስት አጣቢ ነበረች። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ገንዳ ፊት ቆማ የሰው ያረረ ድስት ፈትጋለች። ከሳሙናው ብዛት የእጇ ቆዳ ተልጦ ተልጦ ገና በሰባተኛው ዓመት የጣት አሻራ የሚባል ነገር አልቀረላትም። መታወቂያ ልታሳድስ የሄደች ዕለት ጸሐፊው አውራ ጣቷን አራት ጊዜ ቀለም ነክሮ አራት ጊዜ ወረቀት ላይ ቢጫነው የወጣለት ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው። «እናት፣ እርስዎማ የሉም እኮ!» ብሎ ቀለደባት። እሷ አልሳቀችም። ቤቷ ገብታ የስድስት ዓመት ልጇን ፊቷ አስቀመጠችና «አንቺ በሕይወትሽ ድስት አትነኪም» አለቻት።

የንዴት ቃል መስሎ ነበር፤ ሕግ ሆኖ ቀረ። ልጅቷ ሽንኩርት ልላጥ ብላ ስትቀመጥ ቢላዋውን ትቀማታለች። እሳት ላራግብ ስትል «ደብተርሽ የት አለ?» ትላታለች። ጎረቤቶቹ ዝም አላሉም። «ነገ ባል ቤት ስትገባ ምን ልታበላው ነው?» አሉ።

«እጅ የለውም እንዴ? ሠርቶ ያብላት!» ትላለች እናት።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከዚያች ልጅ ጋር ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ተከራይቼ ስለኖርኩ ነው። ቤተሰቦቿ «እምቢዬ» ነው የሚሏት፤ አፏን ስትፈታ መጀመሪያ ያወጣችው ቃል «እምቢ» ነው ይባላል። እኛም በዚያው ጠራናት። ኮሌጅ የመጣችው የውሃ መስመር ዲዛይን ልትማር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እኔ ልብስ ሳጥብ «እስቲ እንቁላል ቀቅዪ» ብላት፣ «ስንት ውሃ ነው የሚጠጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደ ሩዝ መስሏት ነው። የምትቀልድ መስሎኝ ስስቅ ኮስተር ብላ እስክጨርስ ጠበቀችኝና እንደገና ጠየቀችኝ።

የተከራየነው ግቢ ስምንት ክፍሎች እንደ ባቡር ፉርጎ የተደረደሩበት፣ መሀሉ ላይ አንዲት ቧንቧ ያለበት ነው። አከራያችን በየማለዳው ከቤቷ ወጥታ፣ ባትሪዋን አብርታ፣ የመብራት ቆጣሪውን ሳታነብ ቁርስ አትቀምስም። ስለዚህ እሷ በሌለችበት «እትዬ ቆጣሪ» ነበር የምንላት። የኪራይ ውላችን ላይ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ካውያ፣ የውሃ ማፍያ፣ ሁሉም በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባቸው ተከልክለዋል። እኛም ጠዋት በዳቦና በሻይ፣ ቀን በዳቦ፣ ማታ ደግሞ ሻዩ ካለቀ በዳቦ እንኖር ነበር።

ዳቦውን የምንገዛው መንገዱ ጫፍ ካለው ሱቅ ነው። ሌላ ዳቦ ቤት በአቅራቢያው የለም፤ ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ዳቦው በየወሩ ይከሳል። እኛ ስንመጣ መዳፍ ይሞላ የነበረው በሁለተኛው ዓመት ተጨብጦ የሚጠፋ ሆነ። ለሠፈሩ አባወራዎች ትኩሱን ከውስጥ ያወጣል፤ ለተማሪ ሲሆን የትናንቱን ከቅርጫቱ ሥር እየፈለገ ይቆጥራል። ሁላችንም እናያለን፣ ሁላችንም ዝም። የተራበ ሰው ምን አፍ አለው?

አንድ ጠዋት እምቢዬ የተሰጧትን ሦስት ዳቦዎች ገለባብጣ አየችና አንዱን ባንኮኒው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ሻግቷል። ይለውጡልኝ።»

ሻጩ ዳቦውን አነሳ፣ አረንጓዴውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቅ ፋቅ አደረገና መልሶ ዘረጋላት። «ይኸው። አሁን አልሻገተም።»

ሰልፉ ሳቀ።

«አልወስደውም» አለች።

«ተማሪ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዳቦ የሚያማርጠው? ከተስማማሽ ብዪ፣ ካልተስማማሽ ጋግረሽ ብዪ!»

አሁን ሰልፉ ጮክ ብሎ ሳቀ። እኔ በሃፍረት ክንዷን ሳብኩ። እሷ ግን ከመሬት የተተከለች ይመስል አልነቃነቅ አለች።

«እጋግራለሁ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«እጋግራለሁ ነው ያልኩት። ከእንግዲህ እዚህ በር ላይ አልቆምም።»

«በሦስተኛው ቀን ባላይሽ ምናለ በዪኝ!» ሲል ከኋላችን ጮኸ።

ትንሽ ከራቅን በኋላ «ለመሆኑ ሊጥ ነክተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አላውቅም።»

«ታዲያ?»

«እሱስ ሲወለድ ያውቅ ነበር?»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኛን ያስዋጠን ግን ከምላጭ የማይሻል ዳቦ ነው። ያን ዕለት ዱቄትና አንዲት ከረጢት እርሾ ገዛች። ከአሮጌ ዕቃ ተራ ደግሞ ጆሮው አንድ ብቻ የቀረ ወፍራም የብረት ድስት ይዛ መጣች። የኤሌክትሪክ ምድጃ ስለተከለከለ ሻይ የምናፈላበትን የከሰል ምድጃ ከበራችን ፊት ለፊት አኖረች። የመጀመሪያውን ሊጥ በፈላ ውሃ አቦካችው፤ እርሾው ሞተ። የወጣው ነገር መሬት ላይ ሲወድቅ ድምፅ ነበረው። ሁለተኛው ሥሩ ከሰል፣ አናቱ ሊጥ ሆነ። ሦስተኛው እንዲያውም ከድስቱ አልወጣ አለ፤ በማንኪያ እየፋቅን በላነው። ሦስተኛው ቀን ያ ነበር። ቦርሳዬን አንስቼ «እኔ ሄጄ ልግዛ፣ አንቺ ቃልሽን ጠብቂ» አልኳት።

«ሂጂ፣ ማን ከለከለሽ?» አለችኝ። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። ደብተሯ ላይ ድስቱን መሀል ለመሀል ተቆርጦ እንደሚታይ አድርጋ ሥላው ነበር፤ እሳቱን ከታች፣ የሙቀቱን መንገድ በቀስት። ተማሪ አይደለችም? ቀስቶቹን እያሳየች «እዪ፣ ሙቀቱ የሚመጣው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። ሥሩ ቢያርር ምን ይገርማል? ከላይም መምጣት አለበት» አለች።

እኔም አልሄድኩም። ሊጡን አብረን አቦካን። ከፈላ ውሃ ይልቅ የእጅ አንጓ የሚችለው ለብ ያለ ውሃ ተጠቀመች። ሦስት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ ትንሽ ጨው፣ አንድ ጠብታ ዘይት፤ ሌላ ምንም የለውም። ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተውና እንደ ጆሮ ጫፍ እስኪለሰልስ ማሸት፣ ከዚያ በጨርቅ ሸፍኖ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ሥር መተው ነው። እኔ በየአሥር ደቂቃው ጨርቁን እየገለጥኩ ሳይ «ተይው እንጂ! አንቺስ ተኝተሽ እንዲህ ቢያዩሽ ትወጃለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ሊጡ ኩፍ ብሎ እጥፍ ሲሆን በቆርቆሮ ሳህን አደረገችው። ድስቱ ውስጥ ሦስት ጠጠሮች አስቀምጣ ሳህኑን በላያቸው አሳረፈች፤ ሥሩ ከብረቱ እንዳይገናኝ ነው። ክዳኑን ገጠመችና ከፍሙ እኩሌታውን አንስታ ክዳኑ አናት ላይ ደረደረችው።

ጠረኑ ቀድሞ ወጣ። የሦስተኛው ክፍል በር ተከፈተ፣ የአምስተኛው ተከፈተ። ልብስ የምታሰጣዋ ልጅ እርጥብ ሸሚዝ በእጇ እንደያዘች መጥታ ቆመች። እምቢዬ ክዳኑን ስታነሳ ዳቦው አናቱ ቡናማ፣ ወገቡ ተሰነጣጥቆ ተቀምጧል። ገልብጣ ሥሩን በጣቷ ብትመታው እንደ ከበሮ ጮኸ። ቆርሳ ለሁላችንም ሰጠችን፤ የራሷን ቁራሽ ግን ቆማ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ ጫፍ አዙራ በላችው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከሰዓት የመጋገሪያ ቀን ሆነ። የግቢው ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ኩባያ ዱቄት ይዘው ይመጣሉ፤ ከሰሉን በተራ እናመጣለን። እምቢዬ መሥራት ብቻ ሳይሆን ማሠራት ጀመረች። «አልችልም» ያለቻትን ሁሉ «እኔ እንቁላል መቀቀል የማልችለው ከቻልኩ አንቺ ምን ሆንሽ?» እያለች ሊጥ ታስጨብጣለች። በሁለት ወር ውስጥ ከስምንቱ ክፍል ስድስቱ ወደ መንገዱ ጫፍ መሄድ ተዉ። መጋገሩም ከኛ ግቢ ወጥቶ ሌሎቹም ግቢዎች ገባ።

ሻጩ በመጀመሪያ «እልሃቸው እስኪወጣ ነው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወ። አንድ ቀን ኮቱን ለብሶ አከራያችን ዘንድ መጣ። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ፣ እኛ እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ አወራት። ተማሪዎቹ ያለ ፈቃድ ዳቦ ቤት ከፍተዋል፤ ነገ ተቆጣጣሪ ቢመጣ የምትጠየቀው የቤቱ ባለቤት ናት፤ ያ ከሰል ደግሞ አንድ ቀን ግቢውን አመድ ያደርገዋል። ሴትየዋ ደነገጠች። እሱን ሸኝታ እንደተመለሰች በቀጥታ ወደኛ መጣች።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ ድስት እንዳላይ!»

«እትዬ፣ የምንጋግረው ለራሳችን ነው» አለች እምቢዬ። «አንድ ዳቦ ሸጠን እንደሆነ የገዛ ሰው ይምጣና ይመስክር። ውሉ ላይም የከሰል ምድጃ የሚል የለም፤ ያሳዩኝ።»

«ውሉን እኔ ነኝ የጻፍኩት! ባልጽፈውም እኔ ነኝ የምተረጉመው!» ብላ ድስቱን፣ ደግነቱ ቀዝቅዞ ነበር፣ ባንድ ጆሮው አንጠልጥላ ይዛው ገባች። በሩንም ቆለፈች።

ያን ሳምንት ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ሁለት ልጆች ወደ ሱቁ ተመለሱ። ሻጩ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ የትናንቱን ሰጣቸው። እምቢዬ ለሦስት ቀን ሻይ ብቻ ጠጣች። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ስትመለስ ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ በትከሻዋ ይዛ መጣች። ቆርቆሮውን አጋደመችው፣ አንድ ጎኑን በመቀስ ቆርጣ እንደ በር አጠፈችው፣ ሥሩን አሸዋ ሞልታ የከሰል ምድጃው ላይ አሳረፈችው፤ ውስጡ ሦስት የወተት ዱቄት ጣሳዎች ጎን ለጎን ገቡ። ቅዳሜ ዕለት ከእያንዳንዱ ጣሳ እንደ ግንድ የቆመ ድቡልቡል ዳቦ ወጣ። ከድስቱም የተሻለ ነበር።

እትዬ ቆጣሪ ጠረኑን ተከትላ ወጣች። «ድስት እንዳላይ አላልኩም?»

«ብለዋል፤ የታለ ድስቱ?» አለች እምቢዬ። «ይሄ ቆርቆሮ ነው።»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ሴትየዋ ፊቷ ደም መሰለ። ገብታ ስልኳን አነሳች። ውሉ ላይ በተያዥነት የተጻፈው የእምቢዬ እናት ስም ነበር።

እናትየዋ በማግሥቱ እሑድ መጣች። ሌሊቱን አውቶቡስ ላይ አድራ፣ የክት ነጠላዋን ለብሳ፣ ቀጥ ብላ ገባች። እምቢዬ የሳምንቱን ሊጥ ቅዳሜ አልጨረሰችም ነበርና የተረፈውን እያሸች፣ እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት እንደሆነ ደረሰችባት። እኔ ተነስቼ ሰላም ልላት ስል አላየችኝም። ያየችው የልጇን እጅ ነው።

«ይሄን ነው የምትማሪው?»

«እማዬ፣ ግቢ፣ ተቀመጪ—»

«አልቀመጥም! ሃያ አንድ ዓመት እንደ ውሻ የቆምኩት አንቺ ሊጥ እንድትለውሺ ነው? እኔ ከዚያ ገንዳ አላወጣሁሽም? ማነው መልሶ የከተተሽ?» ድምፅዋ ተሰበረ፤ መሰበሩ ራሱ አናደዳትና ጮኸች። «ጣይው! ጣይው ነው የምልሽ!»

እምቢዬ ሊጡን አልጣለችም። እጇንም አልጠረገችም።

«አልጥልም» አለች። «እማዬ፣ አንቺ የሰው ድስት ነው ያጠብሽው። እነሱ በልተው ሲነሱ ነው ያንቺ ሥራ የሚጀምረው። እኔ ለማንም አልጋግርም፤ እኔ ልበላ ነው የምጋግረው። ባለፈው መንፈቅ አንድ ትምህርት ወድቄያለሁ፤ አልነገርኩሽም። ፈተናው ላይ ቁጥሩ ሁለት ሁለት ሆኖ እየታየኝ ነው የወደቅኩት። ከበላሁ በኋላ እንደገና ተፈትኜ አለፍኩ። ሰው ፊት ቆሜ የሻገተ ዳቦ እንድለምን ነው ያስተማርሽኝ?»

«ማን ነው የሻገተ የሰጠሽ?» አለች እናት።

እምቢዬ ወደ ሊጧ ተመለሰች። እኔ ነኝ የነገርኳት። ሰልፉን፣ ጥፍሩን፣ «ጋግረሽ ብዪ»ን፣ የሻጩን ኮት፣ ድስቱን፣ ሁሉንም። እናትየዋ ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። አውቶቡስ ተራ የምትሄድ መስሎን ተያየን። እሷ ግን የአከራያችንን በር አንኳኳች።

እትዬ ቆጣሪ ደስ ብሏት ወጣች። «እሰይ፣ እንኳን መጡልኝ! አዩልኝ አይደል ጉዷን?»

«አየሁ» አለች እናት። «ልጄ ናት፣ እኔ እቆጣታለሁ። ተቆጥቻታለሁም። እርስዎ አሁን ድስቱን ይስጡኝ።»

«የቱን ድስት?»

«የልጄን ድስት። እመቤቴ፣ እኔ ድስት ያልነካሁበት ቀን የለም፤ በጠረኑ አገኘዋለሁ። ራስዎ ያወጡታል ወይስ ገብቼ ልፈልገው?»

ጨዋ ቃል ነው፤ አነጋገሯ ግን ግቢውን ጭጭ አሰኘው። እትዬ ቆጣሪ ወደ ውስጥ ገባች። ድስቱን ይዛ ስትወጣ ጎመን ቀቅላበት ኖሮ ውስጡ አርሯል። እናት ተቀበለቻት፤ ወደ ውስጡ አየች፤ ቀና ብላ ሴትየዋን አየች። ቧንቧው ጋ ሄዳ ልትቀመጥ ጉልበቷን ስታጥፍ እምቢዬ ደረሰችና ድስቱን ከእጇ ወሰደችው።

«ተይ፣ አንቺ አትፈትጊም» አለቻት። «ይሄን እኔ ነኝ የምፈትገው።»

ትንሽ ተጓተቱ። ስምንቱም ክፍል በር ላይ ቆሞ ያያል። በመጨረሻ እናት ለቀቀች። ልጅቷ ቁጢጥ ብላ በአሸዋ ስትፈትግ እናት ከአጠገቧ ቆማ፣ «እንዲያ አይደለም፤ ከጠርዙ ጀምሪ» ስትላት ሰማሁ። ዳቦ ቆርሰን ስንሰጣት አልበላም አለች። የሰውን ምክር ሰምታ ሐሳቧን የምትቀይር ሴት አልነበረችም፤ ልጅቷ ያንን ከየት እንዳመጣችው ያን ዕለት ገባኝ። ከሰዓት በኋላ በነበረው አውቶቡስ ተመልሳ ሄደች።

አከራያችን ዓመቱ ሲያልቅ ውላችንን አላድስም አለች። እኛም አልለመንናትም፤ ሁለት መንገድ ተሻግረን ሌላ ክፍል ያዝን፤ አራት ልጆች ተከትለውን መጡ። ሻጩ ሱቁን አልዘጋም፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው በቀላሉ አይዘጋም። ግን በኛ ሠፈር አንድ ነገር ተለወጠ፦ ተማሪ ዳቦ ሲቀበል ገልብጦ ማየት ጀመረ፤ ሻጩም ሲገለበጥበት ዝም ማለት ለመደ።

እምቢዬ ተመረቀች። አሁን የውሃ መስመር ሲዘረጋ ሥራውን የምትመራ ባለሙያ ናት፤ ፀሐይ ያጠቆራት፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ የሆነ። እናቷ ጡረታ ወጥታለች። ሲደዋወሉ አሁንም «ዛሬም ታቦኪያለሽ?» ትላታለች አሉ፤ «አዎ» ስትላት ታኮርፋለች፤ በሳምንቱ መልሳ ትደውላለች።

ባለፈው ወር እምቢዬ ለእኔም ደወለችልኝ። ከከተማ ርቀው ቦይ የሚቆፍሩ ሠራተኞች አሏት። ምሳ የሚያቀርብላቸው ሰው ደረቅ ብስኩት እያመጣ ነው። ለአለቃዋ ብትናገር «ካልተመቻቸው ሥራውን ይልቀቁ፤ አንቺ ደግሞ ሰው አታሳድሚ» ብሏታል።

«ታዲያ ምን አልሽው?» አልኳት።

«ምንም። የደወልኩልሽ ለሱ አይደለም» አለችኝ። ከኋላዋ የሰዎች ጫጫታና የዶማ ድምፅ ይሰማል። «አንቺ ከተማ ነው ያለሽው፤ በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ ማጠፊያ የሚበይድልኝ ሰው ታውቂያለሽ? ለአርባ ሰው የሚሆን ነው የምፈልገው፤ እስከ ሰኞ።»